ላም አለኝ በሰማይ፦ ቤይ ሲቲ ሮለርስ እና የገንዘባቸው ነገር

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የስኮትላንድ ባንድ ነው። ስሙ ቤይ ሲቲ ሮለርስ ይባላል። ከእናንተ መካከል በስም የማያውቃቸው ብዙ ሰው እንዳለ እገምታለሁ። ዘፈናቸውን ግን ሳታውቁት ሰምታችሁታል። በ2003 የወጣውን «ላቭ አክችዋሊ» የተባለ የእንግሊዞች የገና ፊልም ያየ ሰው አለ? ባልየው ሚስቱን ሲቀብር፣ በእሷው ኑዛዜ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያስከፈተው ጭፈራ ጭፈራ የሚል ዘፈን ነበር። «ባይ ባይ ቤቢ» ይባላል። የእነሱ ነው።

ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ቤት ሄዳችሁ እንዳትቀንሱልኝ።

ስለዚህ ባንድ ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ልብሳቸውና ስለሚጮኹላቸው ልጃገረዶች ነው። እኔም አወራለሁ፤ ሳይነሳ የሚታለፍ አይደለም። እኔን ግን ይበልጥ የሚያብከነክነኝ ገንዘቡ ነው። በ1975 ብሪታንያ ውስጥ ከ«ባይ ባይ ቤቢ» የበለጠ የተሸጠ ነጠላ ዘፈን አልነበረም። በ2007 ደግሞ እነዚያው ልጆች፣ ፀጉራቸው ሸብቶ፣ ኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ክስ መሥርተው «ድርሻችን የት ገባ?» እያሉ ነበር። በእነዚህ ሁለት ዓመቶች መሀል ምን ተፈጠረ? ነገሬ ይሄ ነው።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ኤድንብራ፣ የ1960ዎቹ አጋማሽ። ሁለት ወንድማማቾች አሉ፤ አለን ሎንግሚውር እና ዴሪክ ሎንግሚውር። አለን ቤዝ ጊታር ይጫወታል፣ ዴሪክ ድራም ይመታል። አለን በሙያው የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ጎርደን ክላርክ የሚባል ድምፃዊ ጨመሩና ሳክሰንስ ተባሉ። ስሙ አልጣማቸውም፤ የአሜሪካ ሽታ ያለው ስም ፈለጉ። የአሜሪካን ካርታ ዘርግተው በጭፍን መርፌ ወጉበት። መጀመሪያ አርካንሳ ላይ አረፈ። «አርካንሳ ሮለርስ» ደግሞ አያምርም። ድጋሚ ወጉ። ሚሺጋን ውስጥ ያለች ቤይ ሲቲ የምትባል ከተማ ላይ አረፈ። በቃ፣ አልቆ አደረ። ዓለም የሚያውቀው የስኮትላንድ ባንድ፣ አባላቱ ረግጠዋት በማያውቋት የአሜሪካ ከተማ ስም ተጠራ።

ቀጥሎ የመጣው ማናጀሩ ታም ፓተን ነው። ኤድንብራ አቅራቢያ ፕሬስተንፓንስ ከምትባል ከተማ ነው፤ የቤተሰቡ ሥራ የድንች ንግድ ነበር። እሱ ደግሞ የዳንስ ቤት ኦርኬስትራ ይመራ ነበር። ሙዚቀኛ የማግኘት ችሎታው ያን ያህል አይመስለኝም። ችሎታው ልጃገረዶች ምን እንደሚወዱ ማወቁ ላይ ነው። ልጆቹ የሴት ጓደኛ እንዳይኖራቸው ከለከለ። ለጋዜጠኛ ሲናገር «ልጆቼ ወተት እንጂ ሌላ አይጠጡም» ይል ነበር። ዕድሜያቸው ሳይቀር ይቀነስ ነበር። አባላት ሲወጡ ሲገቡ ደግሞ ብዛቱ ለጉድ ነው፤ ሁሉንም ልዘርዝር ብል እዚሁ ይመሽብናል።

በ1971 «ኪፕ ኦን ዳንሲንግ» በተባለ የሰው ዘፈን የእንግሊዝ የሸክላ ሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ 9ኛ ወጡ። ከዚያ ጭጭ። ተከትለው የወጡት ዘፈኖች በሙሉ ወደቁ። ከወደቁት አንዱን ስሙን ያዙልኝ፤ በ1973 የወጣው «ሳተርደይ ናይት» ነው። ክላርክ ተስፋ ቆርጦ ወጣ። በምትኩ ገና 18 ዓመት የሞላው ሌስ ማኪዮን ገባ። ጊታሪስቶቹ ኤሪክ ፎክነር እና ስቱዋርት ውድ ሆኑ። ዛሬ ፖስተር ላይ የምናያቸው አምስቱ ልጆች እነዚህ ናቸው፤ ሁለቱ ሎንግሚውሮች፣ ማኪዮን፣ ፎክነር እና ውድ።

1974 ገባና ነገሩ ተገለበጠ። «ሪሜምበር» 6ኛ፣ «ሻንግ ኤ ላንግ» 2ኛ፣ «ሰመርላቭ ሴንሴሽን» 3ኛ። በአንድ ዓመት!

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የገንዘቡ ነገር የሚጀምረው እዚህ ነውና። እነዚህን ዘፈኖች የጻፉት ቢል ማርቲን እና ፊል ኮልተር ናቸው። ማርቲን ግላስጎው ተወልዶ ያደገ፣ ኮልተር ሰሜን አየርላንድ የዴሪ ልጅ። የዘፈን ነጋዴዎች ናቸው፤ ክፉ ለማለት አይደለም፣ ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ለማለት ነው። በ1967 ለእንግሊዝ የዩሮቪዥንን ውድድር ያሸነፈው ዘፈን የእነሱ ነው። አሠራራቸው እንዲህ ነበር። ስቱዲዮ ውስጥ በቀን ሒሳብ የሚከፈላቸው አንደኛ ደረጃ ሙዚቀኞች ያስገባሉ። ሙዚቃው ይቀዳል። ከዚያ ማኪዮን ይጠራና ይዘፍንበታል። ሌሎቹ ልጆች? ቴሌቪዥን ላይ ጊታራቸውን አንግተው እየዘለሉ ይታያሉ። በዚያ ዘመን ነውር አልነበረም፤ ብዙ ባንድ እንዲህ ነው የሠራው። ልጆቹን ግን አንገበገባቸው። በተለይ ፎክነርን።

ሸክላ ሁለት ፊት እንዳለው የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ፊት ለፊት ሕዝቡ የሚፈልገው ዘፈን አለ። ጀርባው ላይ ማንም የማይሰማው ሌላ ዘፈን አለ። ሸክላው በተሸጠ ቁጥር ግን የጀርባው ዘፈን ደራሲ ከፊተኛው ደራሲ እኩል ይከፈለዋል። ሰው ገዝቶ አንዴም ባይገለብጠው እንኳ! ስለዚህ በዚያ ንግድ ውስጥ ትልቁ ትግል የጀርባውን ዘፈን ማን ይጻፍ የሚለው ነበር። የዘፈነ ሰው ድርሻ ገና የስቱዲዮው፣ የማስታወቂያው፣ የቅድሚያ ክፍያው ወጪ ተቀንሶ ነው የሚደርሰው። ደራሲው ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። ልጆቹ ይሄ ገብቷቸው የጀርባውን ዘፈን ራሳቸው መጻፍ ጀመሩ። ቆይተው ከማርቲንና ከኮልተር ጋር ተለያዩ። ፎክነርና ውድ የጻፉት «መኒ ሃኒ» በእንግሊዝ 3ኛ፣ በአሜሪካ 9ኛ ወጥቷል። ስለ ገንዘብ የሚያወራ ርዕስ መሆኑ የአጋጣሚ ይመስለኛል። ካልሆነም ደስ ይላል።

ወደ ልብሱ ልምጣ። ታርታን የሚባለውን የስኮቶችን ጨርቅ ታውቁታላችሁ፤ መስመሮቹ ወርድና ቁመት እየተሻገሩ ካሬ ካሬ የሚሠሩበት ሱፍ ነው። በ1746፣ ያመፁ ስኮቶች ካሎደን ላይ ድል በሆኑበት ዓመት፣ የለንደን መንግሥት የደጋ ስኮቶች ባህላዊ ልብሳቸውን እንዳይለብሱ በሕግ ከለከለ። ክልከላው የተነሳው በ1782 ነው። በአንድ ወቅት ሰው የታሰረበት ጨርቅ ማለት ነው። ሮለርሶች ይሄንን ጨርቅ ቀደው ሱሪያቸው ጫፍ ላይ ሰፉት። ሱሪው ራሱ ጉድ ነው፤ ያጠረበት ሰው የለበሰው ይመስላል፣ ካልሲው በሙሉ ይታያል። ሻርፑ ደግሞ አንገት ላይ ብቻ አይደለም፣ የእጅ አንጓ ላይም ይታሰራል።

ይሄ ልብስ ለምን ተስፋፋ? ርካሽ ነዋ። በ1974 መጀመሪያ ብሪታንያ በኃይል እጥረት ምክንያት ፋብሪካዎች በሳምንት 3 ቀን ብቻ መብራት የሚያገኙበት አገር ነበረች። በ1975 የዋጋ ንረቱ ከ24 በመቶ አልፏል። የ12 ዓመት ልጅ ግን የእናቷ የልብስ ስፌት መኪና ካለ፣ አሮጌ ሱሪ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ሰፍታ የባንዱ አባል ትሆናለች። ማንም ፈቃድ አይሰጣትም፣ ማንም አያስከፍላትም። ታርታን የማንም ንብረት አይደለም። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ያለ ውል የተገኘው ነገር ይሄ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

የአድናቂዎቹ ትኩሳት «ሮለርማኒያ» ተባለ። ምን ይመስል እንደነበር አንዷን ቀን ልንገራችሁ። ግንቦት 1975 ነው። ሌስተርሻየር ውስጥ ማሎሪ ፓርክ የሚባል የመኪና መወዳደሪያ ቦታ አለ፤ መሀሉ ላይ ሐይቅ፣ ሐይቁ ውስጥ ትንሽ ደሴት። ቢቢሲ ሬዲዮ 1 የመዝናኛ ቀን አዘጋጀ። ሮለርሶች የሚዘፍኑም አይደሉም፣ መጥተው ሊታዩ ብቻ ነው። ለጥንቃቄ ተብሎ ደሴቱ ላይ ተደረጉ። ውሃ አለ፣ ማን ይደርስባቸዋል ተብሎ። ልጃገረዶቹ ዘለው ገቡ። ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ ሻርፓቸውን እንዳሰሩ፣ ዋና የሚችለውም የማይችለውም። ጠላቂዎች ልጆቹን እየጎተቱ ያወጣሉ፤ ትንፋሽ ያገኙት ተመልሰው ይገባሉ። መኪኖቹ እሽቅድድማቸውን አላቋረጡም። ሬዲዮኑ ላይ ይሠራ የነበረው ጆን ፒል እስኪሞት ድረስ የማይረሳው ቀን ነበር። እንዳወራው ከሆነ፣ በዚያ ሁሉ ትርምስ መሀል ሌላው የሬዲዮ ሰው ቶኒ ብላክበርን በፈጣን ጀልባ ይዞር ነበር። ጀልባውን የሚነዳው ደግሞ ዎምብል የሚባለውን የሕፃናት ፕሮግራም ገጸ ባሕርይ ፀጉራም ልብስ የለበሰ ሰው ነው። አስቡት እንግዲህ።

ሃያሲዎቹ በእነዚህ ልጆች ላይ ሳቁ። በልጃገረዶቹ ይበልጥ ሳቁ። እኔ ከሃያሲዎቹ ጋር አልስማማም። አንድ የ12 ዓመት ወንድ ልጅ ለእግር ኳስ ቡድኑ ሲጮህ ፍቅር ይባላል። እህቱ ለባንድ ስትጮህ እብደት ተባለ።

አሜሪካ የገቡት በሳተላይት ነው። መስከረም 20 ቀን 1975 ኤቢሲ አዲስ የቴሌቪዥን ዝግጅት ጀመረ፤ አቅራቢው የስፖርት ጋዜጠኛው ሃዋርድ ኮሴል ነው። ሮለርሶች ከለንደን በቀጥታ ታዩ። የዘፈኑት ምን መሰላችሁ? ያንን ከሁለት ዓመት በፊት የወደቀውን «ሳተርደይ ናይት»፣ አሁን በማኪዮን ድምፅ። የአሪስታ ሸክላ ኩባንያ አለቃ ክላይቭ ዴቪስ ይሄ ዘፈን ለአሜሪካ ይሆናል ብሎ መርጦታል። ልክ ነበር። ጥር 3 ቀን 1976 የአሜሪካ ሰንጠረዥ 1ኛ ሆነ። በእንግሊዝ በማኪዮን ድምፅ ነጠላ ሆኖ እንኳ አልወጣም።

ዘፈኑ የሚከፈተው በጩኸት ነው። ቅዳሜ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ፊደል በፊደል ይቆጥራሉ፤ ኤስ! ኤ! ቲ! ዩ! አር! ዲ! ኤ! ዋይ! ኳስ ሜዳ ውስጥ እንዳለ ደጋፊ። ማርቲንና ኮልተር ብልጦች ናቸው ያልኳችሁ ለዚህ ነው፤ ቋንቋውን የማይችል ሰው እንኳ ሁለተኛ ሲሰማው አብሮ ይጮኻል።

ውድቀቱን አላንዛዛውም። አለን ሎንግሚውር በ1976 ወጣ። 28 ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ለልጃገረዶች ባንድ አረጀ ተባለ። በ28! በምትኩ የ17 ዓመቱ ኢያን ሚቸል ከሰሜን አየርላንድ መጣ፤ ዓመት ሳይሞላው ወጣ። ፎክነር በዚያው ዓመት የእንቅልፍ ክኒን አብዝቶ ወስዶ ለጥቂት ነው የተረፈው። ማኪዮን ከዚያ በፊት፣ በ1975፣ በመኪናው አንዲት አዛውንት ገጭቶ ሕይወታቸው አልፏል፤ ፍርድ ቤት በገንዘብ ቀጣውና መንጃ ፈቃዱን ለአንድ ዓመት ነጠቀው። የ19 ዓመት ልጅ ነው። ይሄንን ሁሉ ተሸክመው መድረክ ላይ እየሳቁ ይወጡ ነበር። በ1978 ማኪዮን ለቀቀ። በ1979 ፓተንን አባረሩት። በ1982 ፓተን በታዳጊ ወንዶች ላይ በፈጸመው የወሲብ ወንጀል ተፈርዶበት 3 ዓመት እስር ተቀጣ። በ2009 ሞተ። ከባንዱ አባላት መካከል በአደባባይ የከሰሱት አሉ። ያ «ወተት ይጠጣሉ» የሚለው ወሬ ከዚህ በኋላ ሲሰማ ያቅራል።

አሁን ገንዘቡ። ስንት ሸክላ ሸጡ? አንዱ 120 ሚሊዮን ይላል፣ ሌላው 300 ሚሊዮን ይላል። ይሄ የአንድ ጋዜጠኛ ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ቆጠራው ራሱ ነው የጠፋው። ደብተሩ የኩባንያው ነው። ዘፋኙ ስንት እንደተሸጠ የሚያውቀው ኩባንያው ሲነግረው ብቻ ነው፤ ካልነገረውስ? በዚያ ላይ ባንዱ ውስጥ ብዙ ሰው ገብቶ ወጥቷል። ውሉን የፈረመው ማን ነው? በየትኛው ዘፈን ላይ የነበረው ማን ነው? ኩባንያው የያዘው አንዱ መከራከሪያ ይሄ ነበር፦ ለማን ምን ያህል እንደምከፍል አላውቅም። ልጆቹ በዝናቸው ጊዜ እጃቸው የገባው የኪስ ገንዘብ ያህል እንደነበር በኋላ ተናግረዋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው።

በ2007 ስድስት አባላት አሪስታን ኒው ዮርክ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ። ኩባንያው ደግሞ ይርጋ አልፏል ብሎ ተከራከረ። ጉዳዩ 9 ዓመት ፈጀ። በ2016 ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት አለቀ። ጋዜጦች እንደጻፉት የጠበቃው ተከፍሎ ለአንድ ሰው የደረሰው ከ100 ሺህ ፓውንድ በታች ነው። ኤድንብራ ውስጥ ደህና ቤት አይገዛም። የመጀመሪያው ድምፃዊ ክላርክማ ከዋናው ክስ ውጭ ነው የቀረው።

እንግዲህ ገንዘቡን ሌላ ሰው ወሰደው። ዘፈኖቹ ግን ማንም ባልጠበቀው መንገድ ሄዱ። ኒው ዮርክ ውስጥ ራሞንስ የሚባሉ አራት ጥቁር የቆዳ ጃኬት የለበሱ ጎረምሶች ነበሩ። የፓንክ ሙዚቃ አባቶች የሚባሉት እነሱ ናቸው። በ1976 ያወጡት የመጀመሪያ ነጠላቸው «ብሊትዝክሪግ ባፕ» በጩኸት ነው የሚጀምረው። ያንን ጩኸት ከየት አመጣችሁት ሲባሉ አልደበቁም፤ እኛም እንደ «ሳተርደይ ናይት» ዓይነት የራሳችን ጩኸት ፈልገን ነው አሉ። ሕፃናት የሚጨፍሩበት ነው ተብሎ የተናቀ ዘፈን፣ የዘመኑን በጣም አመፀኛ ሙዚቃ ወለደ። የፓንክ አድናቂ ጓደኞቼ ይሄንን ስነግራቸው ይከፋቸዋል።

ሌላም አለ፤ እሱ ያስቀኛል። ኒክ ሎው የሚባል እንግሊዛዊ ዘፋኝ ከሸክላ ኩባንያው መላቀቅ ፈለገ። እንዲያባርሩት ብሎ ሆን ብሎ መጥፎ ዘፈን ሠራ። ርዕሱ «ቤይ ሲቲ ሮለርስ እንወዳችኋለን»። የባንዱ ስም ታርታን ሆርድ ተባለ። ጃፓን ውስጥ ተወዳጅ ሆነ! ኩባንያው ሌላ ድገም አለው። ጃፓኖች ለሮለርሶች የነበራቸው ፍቅር እስከዚህ ድረስ ነው። እንግሊዝ ከረሳቻቸውም በኋላ ቶኪዮ አልረሳቻቸውም።

ሦስተኛው እኛን ይነካል። ማርቲንና ኮልተር ከሮለርስ ሲለያዩ እጃቸው ባዶ አልሆነም። ሌላ የስኮትላንድ ባንድ ያዙ። ስሊክ ይባላል፣ የግላስጎው ልጆች። ልብሳቸው የአሜሪካ ቤዝቦል ማልያ ሆነ። በየካቲት 1976 «ፎሬቨር ኤንድ ኤቨር» በተባለ ዘፈን የእንግሊዝ 1ኛ ወጡ፤ ከዚያ ጠፉ። ድምፃዊው ሚጅ ዩር ነበር። ዕጣ ፈንታው እንደ ሮለርሶች ሊሆን ሲል ዘወር አለ። ሌላ ባንድ ገባ፣ ዘፈን መጻፍና ስቱዲዮ ውስጥ ቁልፍ መጫን ተማረ፣ በኋላ አልትራቮክስ የሚባል ባንድ ድምፃዊ ሆነ። ጥቅምት 1984 የቢቢሲው ማይክል በርክ እና የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከኮረም ያስተላለፉት የረሃብ ዜና ለንደን ሲደርስ፣ አየርላንዳዊው ቦብ ጌልዶፍ የደወለው ለእሱ ነው። ለረሃቡ እርዳታ የተዘፈነውን የባንድ ኤይድን ዘፈን አብረው ጻፉ፤ ሙዚቃውን ያቀናበረው ሚጅ ዩር ነው። ኅዳር 25 ቀን ለንደን ውስጥ በአንድ ቀን ድምፃውያኑ ተቀዱ። በእንግሊዝ ብቻ ከ3 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

ግጥሙን እኔም አልወደውም። ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በላይ ገናን ለሚያከብር ሕዝብ «ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ምን ይባላል? ይሄ ቅሬታ የብዙዎቻችን ነው። የዚህን ዘፈን ሒሳብ ግን ልብ በሉልኝ። ጸሐፊዎቹ ገቢውን ለእርዳታው ሰጡ፤ ዘፋኞቹም በነፃ ዘፈኑ። ስቱዲዮ ውስጥ ለመናገር ዕድል ያልተሰጠው የዚያ የታዳጊዎች ባንድ ልጅ፣ ከስምንት ዓመት በኋላ ዘፈኑ የማን እንደሆነና ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ከሚወስኑት ሁለት ሰዎች አንዱ ሆነ። ሮለርሶች ያጡት ይቺኑ ነበር።

ከአምስቱ አለን በ2018፣ ማኪዮን በ2021 አርፈዋል። አለን ከዝናው በኋላ ወደ ውሃና ቧንቧ ሥራ ተመልሶ ነበር። ዴሪክ ነርስ ሆነ። በ2015 መጨረሻ ማኪዮን፣ ውድ እና አለን ግላስጎው ባሮውላንድ አዳራሽ ውስጥ እንደገና አብረው ሲጫወቱ፣ የመጡት አድናቂዎች ብዙዎቹ ሃምሳ ያለፋቸው ሴቶች ነበሩ። ታርታኑን አምጥተውታል።

አሁን የድምፅ ባለሙያችን ከተዘጋጀ ሁለቱን «ሳተርደይ ናይት» በተርታ እናዳምጣለን። መጀመሪያ በ1973 የወደቀውን የክላርክን፣ ከዚያ አሜሪካ ላይ 1ኛ የወጣውን የማኪዮንን። ጥያቄ ያለው ከዘፈኑ በኋላ እጁን ያውጣ፤ ፊደሉን መቁጠር የፈለገም አይፈር።